ኢላማው ከወግዲ በኩል ይወጣል

አዩብ የሞተበትን ደቂቃ የተናገረው የራሱ ስልክ ነው።

አርብ ጠዋት በዛች የምትባል እንጨት ሻጭ ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አስከሬን አይታ እየጮኸች ወረደች። ሳጅን ምናለ ሲደርስ፣ የሠላሳ አንድ ዓመቱ አዩብ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ግንባሩ በዱላ ተፈንክቷል። ድንጋዩ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቷል፣ ባለ ሦስት እግር ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር ተጋድሟል፣ አንድ ደብተር ተከፍቶ ነፋስ ገጾቹን ይገልጣል። ስልኩ ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እንኳ ሥራውን አላቆመም፤ ሰዓት መቁጠሪያው ይቆጥራል። ሳጅን ምናለ ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር የቀረው ሰው ነው፤ ብዙ ነገር ይረሳል። ያን ቀን ግን የሚያስመሰግን ሥራ ሠራ። ስልኩን ሳይነካ የጠዋቱን ሰዓት ጻፈ፦ አንድ ሰዓት ከአሥር። መቁጠሪያው ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ቆጥሮ ነበር።

ኢንስፔክተር ይርገዱ ከቀትር በኋላ ከደሴ ስትደርስ ወረቀቱን አይታ ወዲያው ቀነሰች።

«መቁጠር የጀመረው ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ነው። ጀመረው፤ ሊያቆመው ግን ጊዜ አላገኘም። ምን ነበር የሚቆጥረው?»

«ሳተላይት ነው ይላሉ» አለ ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እንዲያውም የገደለችው ራሷ ሳተላይቷ ናት የሚሉ አሉ።»

«ዱላ ይዛ ስትወርድ ያያት ካለ ቃሉን ተቀበል።»

ይርገዱ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰው ሲዋሻት ትናደዳለች፤ ውሸቱ ስንፍና ያለበት ከሆነ ደግሞ ይብስባታል።

መካነ ሰላም ግን ያን ሰሞን ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ከአሥር ዓመት በፊት የአዩብ ታላቅ ወንድም አህመዲን በእርሻ ወሰን ተጣልቶ በጥይት ተገድሏል። ገዳዩ ፋሩቅ የተባለ የጭነት መኪና ባለቤት ነው። ሰባት ዓመት ታስሮ ሲወጣ ደም እንዳይፈላለጉ የአገር አስታራቂው አባጋር ይሄነው መሐል ገብተው በመሐላ አስታረቋቸው። በሟች ወገን የማለው፣ ያኔ ገና ከዐረብ አገር የተመለሰው አዩብ ነበር። አሁን አዩብም ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሦስት አጎቶቹ ከገጠር ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው ለቅሶው ቤት ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። የፋሩቅ ዘመዶችም በራቸውን ዘግተው መሣሪያቸውን መወልወል ያዙ።

የአዩብ እናት እማማ እቴቴ ይርገዱን በተቀመጡበት ተቀበሏት።

«አላህ ያጽናዎት፣ እናቴ።»

«አሚን። የገደለውን አምጪልኝ። ሌላ ከመንግሥት የምፈልገው የለም።»

«ባመጣው ወንድሞችዎን ይይዙልኛል?»

ሴትየዋ ሁለት ወንድ ልጅ ቀብረዋል፤ የቀረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ቂማቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

«እስከ እሁድ እይዛቸዋለሁ። እሁድ ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን እኔው ራሴ ነኝ የምልካቸው።»

ይርገዱ አመነቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የፊዚክስ መምህሩ ደሳለው ከአጅባር ደረሰ። ከሰኞ ጀምሮ ለሥልጠና እዚያ ነበር። የአዩብ ብቸኛ ጓደኛ እሱ ነው፤ ከአውቶቡስ ሲወርድ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ነበር። ይርገዱ ደብተሩን ከፊቱ አስቀመጠች።

«ኮረብታው ላይ ምን ነበር የሚሠራው?»

«ኢላማ ይጠብቅ ነበር።»

ሳጅን ምናለ ብዕሩን አነሳ። «የማንን ኢላማ?»

«ሰው አይደለም እኮ። ሳተላይት ናት። አዩብ በረሃ ውስጥ የሠራበት ካምፕ የሚሳይል መከላከያ ራዳር የሚሞከርበት ነበር። ለእያንዳንዱ ሙከራ እውነተኛ ሚሳይል አይተኮስም። እናም ከላይ የሚያልፉ የጦር ሳተላይቶችን እንደ ጠላት ሚሳይል ይቆጥሯቸዋል። ራዳሩ ፈልጎ ያገኛታል፣ ይከተላታል፣ ኮምፒውተሩም ‹መታሁ› ይላል። ከመሬት ግን የሚነሳ ነገር የለም። እሷም መንገዷን ትሄዳለች።»

«አዩብ ምን አገባው?»

«ገመድ ዘርጊ ነበር። ሲመለስ አንድ መሐንዲስ መነጽሩን ሰጠው። እዚህ መጥቶ እነዚያኑ ሳተላይቶች ይጠብቅ ጀመር። ‹ሺ ጊዜ መታናት ብለዋል፤ እሷ አንዴም አልሰማችም› እያለ ይስቅ ነበር። ስማቸውን ስለማያውቅ ‹ኢላማ አንድ፣ ኢላማ ሁለት› እያለ ይመዘግባቸዋል።»

ይርገዱ የሐሙሱን መስመር በጣቷ አሳየችው። እንዲህ ይላል፦ «ኢላማ 3። 15፡49። ከወግዲ በኩል ይወጣል። 6 ደቂቃ።»

«ወግዲ ማለት?»

«ደቡብ ማለቱ ነው። አቅጣጫን በአገር ስም ነበር የሚጽፈው።»

«15፡49ስ? የፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ስድስት ልቀንስና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ነው።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ ስህተት ነው። በካምፑ የሚሠሩት በዓለም ሰዓት ነው፤ የኛ አገር ሰዓት ያንን በሦስት ይበልጠዋል። ስለዚህ ሦስት ይጨምሩና ስድስት ይቀንሱ።»

«ሦስት ቀንሺ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«መምህር ነኝ እኮ» አለ ደሳለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልቻለም። «አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ይሆናል።»

«ይህን በከተማው ሌላ ማን ያውቃል?»

«ለእኔ የነገረኝ እሱ ነው። ለሌላ ይንገር አይንገር አላውቅም።»

ፋሩቅን ያገኙት ግቢው ውስጥ ከቆመው አይሱዙ አጠገብ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ግን ልብሱ ሰፍቶታል።

«ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ከወግዲ እህል ጭኜ እንደምመለስ አገር ያውቃል። ኬላውን እንዳለፍኩ ጎማ ተንፍሶብኝ ቆምኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ቀይሬ ስገባ ሁለት ሰዓት ሆነ።»

ይርገዱ ጉልበቷን ይዛ ቁና ቁና እየተነፈሰች ከመኪናው ሥር አጎነበሰች። ሾፌሮች እስኮርታ የሚሉት ትርፍ ጎማ ከሥር ተንጠልጥሏል። የያዘው ሰንሰለት ዝጓል፤ በጎማውና በሰንሰለቱ መካከል አንድ ሸረሪት ሳይቸኩል ሰፊ ድር አድርቷል።

«አዩብን ትፈራው ነበር?»

«ለምን እፈራዋለሁ? ምለናል። ባለፈው ማክሰኞ ሰርግ ላይ አቅፎ ስሞኛል።» ፋሩቅ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ወላሂ፣ እኔ ጋደም ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው ላይ ዱላ የማነሳ ሰው አይደለሁም!»

ይርገዱ ቀና አለችና ልብሷን አራገፈች። «አብሽር፣ ዛሬ ይብቃን» አለችው።

ውጪ ሳጅኑ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ለምን አንይዘውም?»

«ሰው አስቀምጥና በሩን አስጠብቅ። እሱን እይዘዋለሁ፤ ሌላውን ግን ገና አላወቅኩትም። አዩብ በየቀኑ ኮረብታ አይወጣም። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ደቂቃ እዚያ እንደሚጋደም ለዚህ ሰው ማን ነገረው?»

የሟች እህት ፈርሂያ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። ከለቅሶው ቤት ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ ቃሏን ሰጠች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ከወንድምሽ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ አንነጋገርም ነበር። የአህመዲንን ገዳይ እኔ እያየሁ አቅፎ ሳመው።»

«ታርቃችኋል እኮ።»

«እነሱ ታርቀዋል! እኔን ማን ጠራኝ? ወንዶቹ ሲምሉ እኔ ከበር ውጪ ቆሜ ነበር። አህመዲን አዝሎ ነው ያሳደገኝ። መሐላ ሲመጣ ግን ሴት ነሽ ተባልኩ።»

«ሐሙስ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ ነግሮሽ ነበር?»

«አንነጋገርም አልኩዎ እኮ። ለእናቴም አልነገራትም፤ ከዐስር ሶላት በዚያው ወጣ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሰጋሽው?»

«አንድ ሰዓት ሲሆን። ነገሩ ስድስት ደቂቃ ናት፤ ከአንድ ሰዓት አያልፍም ነበር። ከዚያ ጀምሮ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እናቴን ይጠይቋት።»

ይርገዱ ደብተሩን ሰጠቻት። «ዓይኔ ደከመብኝ። የሐሙሱን እስቲ አንብቢልኝ።»

ፈርሂያ ጥቂት ዘገየች። «ኢላማ ሦስት... 15፡49... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ መሆኑ ነው። ከዚያ ያለፈውን እኔ የት አውቄው? የእሱ ነገር አይገባኝም።»

ይርገዱ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ከግቢው በር ስትደርስ ቆማ ግንባሯን አሸች። ሳጅኑ ራስሽን አመመሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ዞራ እናትየውን አየቻቸው።

እሁድ ረፋድ ላይ ሁሉም ከአባጋር ይሄነው ግቢ ተሰበሰቡ። በአንድ ወገን ሦስቱ አጎቶች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ እማማ እቴቴና ፈርሂያ ከአጠገባቸው ናቸው። በሌላው ወገን ፋሩቅና ዘመዶቹ። መሐል ላይ ፖሊሶች። ደሳለው ከአጥሩ ተደግፎ ቆሟል። አባጋር ይሄነው ሁሉም በየእምነቱ አሜንና አሚን ያለበትን ምርቃት መርቀው «ተናገሪ ልጄ» አሏት።

«አዩብ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ስልኩን ነክቶ መቁጠር ጀመረ» አለች ይርገዱ። «ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመታ። ፋሩቅ፣ የኬላው ጠባቂ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገመድ እንዳነሳልህ ነግሮኛል። ከኬላው ከተማው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንተ የገባኸው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።»

«ጎማ ቀይሬ ነው አልኩዎ።»

«እስኮርታህ ላይ ድር ያደራው ሸረሪት አልነገረህም ይሆናል እንጂ፣ ያ ጎማ ከክረምት ወዲህ ከቦታው አልተነቃነቀም።»

ከአጎቶቹ አንዱ ጠመንጃውን ጨበጠ። እማማ እቴቴ ሳያዩት እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉበት።

«በዛች አስከሬኑን በደረቱ ተደፍቶ ነው ያገኘችው። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ቆሞ ሳለ ከኋላ ተመታ እያለ ነው። አንተ ግን ‹ጋደም ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው› አልከኝ። ድንጋዩ ላይ የተዘረጋውን ምንጣፍ በዛች አላየችም፤ ያየነው እኔና ሳጅኑ ነን። ተጋድሞ እንደነበር የሚያውቅ፣ ተጋድሞ ያየው ብቻ ነው።»

ፋሩቅ ብድግ አለ። ሁለት ፖሊሶች ያዙት። ፊቱ አመድ መስሎ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ጎትቶ አወጣ።

«ሊገድለኝ ነበር! ቀድሞኝ ቢሆን እኔ ነበርኩ የምቀበረው! ረቡዕ ከመኪናዬ መስታወት ላይ ተሰክቶ ያገኘሁት ነው፤ ያንብቡት!»

ይርገዱ ወረቀቱን ስትጠብቀው እንደነበረ ነገር ተቀበለችና ጮክ ብላ አነበበች። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው።

«‹ከአዩብ ደብተር የተገኘ። ሐሙስ ኅዳር 11። ኢላማው ከምሽቱ 12፡49 ከወግዲ በኩል ይወጣል። በ6 ደቂቃ ያልፋል።›»

«ሐሙስ በዚያ ሰዓት ከወግዲ የምመጣው እኔ ነኝ!» አለ ፋሩቅ። «መንገዱ ከኮረብታው ሥር ነው የሚያልፈው። መኪናዬን ከታች አቁሜ በእግሬ ወጣሁ። ያንን ነገር በሦስት እግር አቁሞ ሲጋደም መትረየስ መሰለኝ።»

«ለምን ወደ እኔ አልመጣህም?» አሉ አባጋር ይሄነው። «ለዚህ ቀን አይደለም ወይ የተቀመጥኩት?»

ፋሩቅ አንገቱን ደፋ። «ፈራሁ፣ አባጋር። መሐላውንም ሰውየውንም ፈራሁ።»

«ደሳለው፣ ኢላማ ምን እንደሆነ ንገረው» አለች ይርገዱ።

መምህሩ ነገረው። ጨርሶ ሳይረጋጋ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ስለ ራዳሩም፣ ስለ ሳተላይቷም፣ በቁጥር ስለተሰየሙት ኢላማዎችም ነገረው። ፋሩቅ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ሲገባው መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘመዶቹ ከእሱ ዓይናቸውን አነሱ።

«ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው ግን ነገሩ ገብቶታል» አለች ይርገዱ። «ደብተሩ ላይ ‹ኢላማ 3› ነው የሚለው። ሰው ቁጥር ሦስት አይባልም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ቁጥሩን አወጣና ‹ኢላማው› አደረገው። ደብተሩ ‹15፡49› ይላል። እኔ ሳነበው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ አልኩ፤ ማንኛችሁም እንደዚያው ነው የምትሉት። ወረቀቱ ግን አሥራ ሁለት ከአርባ ዘጠኝ ይላል። የአዩብን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነው ወደ እኛ ሰዓት የመለሰው።»

ሁሉም ወደ ደሳለው ዞረ።

«እሱ ከሰኞ ጀምሮ አጅባር ነበር፤ ወረቀቱ የተሰካው ረቡዕ ነው። ደግሞም ስጠይቀው ምንም አልደበቀኝም። ሌላ ሰው ግን ደበቀኝ። ደብተሩን ሰጥቼው ‹ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ነው፣ አይገባኝም› አለኝ። ይኸው ሰው ትንሽ ቀደም ብሎ ‹ነገሩ ስድስት ደቂቃ ናት፤ ከአንድ ሰዓት አያልፍም ነበር› ብሎኛል። ዘጠኝ ከአርባ ዘጠኝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ወንድሙን በአሥር ሰዓት መጠበቅ ነበረበት። ሟች ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ አላናገረውም፤ ሰዓቱን ከደብተሩ በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለም።» ይርገዱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፈርሂያ፣ በር ላይ የቆምሽው የማንን ሞት ለመስማት ነበር?»

ፈርሂያ አልካደችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ ፋሩቅን ፊት ለፊት አየችው።

«የሱን» አለች። «የዚህን። አሥር ዓመት ሙሉ ሞቱን ነው የጠበቅኩት። እስር ቤት በልቶ ጠጥቶ ወጣ፤ እናንተ በላዩ ላይ ቡራኬ ጨመራችሁለት። አዩብን ለመንኩት፣ እግሩን ሳምኩት፤ ‹ምያለሁ› አለኝ። እሱ ካልሄደ ይሄኛው ይምጣበት አልኩ። የማላውቀው ሰው አደረገኝ ይህ ነገር... ግን ተሳሳትኩ አልልም። የተሳሳትኩት በወንድሜ ነው።»

«አንቺ ነሽ?» አሉ እማማ እቴቴ። ድምፃቸው አልተሰማም ማለት ይቻላል።

ፈርሂያ አሁን ገና አለቀሰች። «እማዬ፣ አዩብ ከሱ ይበረታል። ኮቴ ሲሰማ ቀና ይላል፣ ቀድሞ ይመታዋል ብዬ ነው። ሳይወድ በግድ የአህመዲንን ደም ይመልሳል ብዬ ነው። ቀና ይላል ብዬ...»

«ቀና ብሎማ ነበር» አሉ እናትየው። «የሚያየው ወደ ላይ ሆኖ ነው እንጂ።»

ታላቁ አጎት ጠመንጃውን ይዞ ተነሳ፤ ወደ ማን እንደሚያዞረው ግን ጠፋው። አንዴ ፋሩቅን፣ አንዴ የእህቱን ልጅ አየ። እማማ እቴቴ አፈሙዙን በእጃቸው ይዘው ወደ መሬት አወረዱት። ፊታቸው ላይ ምሕረት አልነበረም፤ የቀረቻቸውን ልጅ ሲያዩም አልራሩም።

«የገደለውን አምጪልኝ ብዬሽ ነበር» አሏት ይርገዱን። «አምጥተሽልኛል። ሁለቱንም ውሰጃቸው።»

ፈርሂያ «እማዬ» እያለች ስትጣራ እናትየው ጀርባቸውን ሰጥተው ከግቢው ወጡ። አጎቶቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ይርገዱ በዚያ ሥራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ስትቆይ አንድ ጉዳይ ባልተፈታልኝ ብላ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከደሴ የመጣው የፖሊስ መኪና አንድ ስለነበረ፣ ፋሩቅንና ፈርሂያን ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።